ልጃችንን «አቤሜሌክ» ብንለው ጥፋት አለበት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድ ልጅ ሰጥቶናል። እኔና ባለቤቴ ስሙን «አቤሜሌክ» ለማለት ተስማምተናል። የመረጥነው ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነና ከምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ በዚህ ስም የሚጠራ ስለሌለ ነው። የባለቤቴ እናት ግን «የወንድሞቹን ደም ያፈሰሰ ሰው ስም ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማችሁም?» ብለው አዝነዋል። ስሙ ከየት የመጣ ነው? ሰው የማይጠራበትስ ለምንድን ነው? የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። በጥበብና በሞገስ ያሳድግላችሁ።

አማትህ ያሉት ከሜዳ የመጣ አይደለም። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9ን የሚያውቁ እናት መሆናቸው ያስመሰግናቸዋል። በዚያ ምዕራፍ የጌዴዎን ልጅ አቢሜሌክ ሰባ የሚሆኑ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ገድሎ በሴኬም ነገሠ፤ ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ተሸሽጎ ተረፈ። ገዳዩም ቴቤስ በምትባል ከተማ አንዲት ሴት ከግንብ ላይ በጣለችበት የወፍጮ መጅ ራሱ ተሰበረ። እዚያ ላይ እንኳ ያስጨነቀው መሞቱ ሳይሆን «ሴት ገደለችው» መባሉ ነበርና ጋሻ ጃግሬውን በሰይፍ እንዲወጋው ለመነው። ከእርሱ አስቀድሞ ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃምና ይስሐቅ የተገናኙት የጌራራ ንጉሥ በዚሁ ስም ይጠራል። የእነዚህ ሰዎች ስም በዕብራይስጡ «አባቴ ንጉሥ ነው» ማለት ነው።

እናንተ የመረጣችሁት ግን፣ ትንቢተ ኤርምያስን አንብባችሁ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ስም ነው። እርሱ በዕብራይስጡ «ዔቤድ ሜሌክ» ይባላል፤ «የንጉሥ አገልጋይ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ነቢዩ አብድዩ በስሙ የተሸከመው ያው ቃል ነው። ሁለቱ ስሞች ወደ እኛ ሲደርሱ እጅግ ተቀራርበው ስለተጻፉ በጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው የገዳዩን ስም ከአገልጋዩ ስም ሊለይ አይችልም። በእኛው አሰያየም ብንመልሰው «ገብረ ንጉሥ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ባዕድ የሚመስለው ስም ገብረ ሚካኤልና ገብረ ማርያም ከሚባሉት ስሞች ጋር ቤተ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ልግባ፤ ስሙ የሚወደደው በእርሱ ምክንያት ነውና። የይሁዳ ንጉሥ የሴዴቅያስ ሹማምንት ኤርምያስን ጠሉት። «ከተማይቱ በባቢሎናውያን እጅ ትወድቃለች» እያለ የወታደሩን እጅ ያደክማል ብለው ከሰሱትና በግዞት ቤቱ አደባባይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በገመድ አወረዱት። ውኃ አልነበረበትም፤ ጭቃ ነበረበት፤ ነቢዩም በጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ንጉሡ ነገሩን ያውቃል። ሹማምንቱ በጠየቁት ጊዜ «በእጃችሁ ነው፤ ንጉሡ በእናንተ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም» ብሎ አሳልፎ የሰጠው እርሱ ነውና። ዘውድ የደፋው ሰው እንዲህ ሲል ተመልከት።

በቤተ መንግሥቱ ከነበሩት ጃንደረቦች አንዱ፣ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ፣ ይህን ሰማ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበር። የከተማ በር ዳኝነት የሚታይበት፣ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ ነው፤ አቤሜሌክ ንጉሡን ብቻውን እስኪያገኘው ድረስ አልቆየም፤ እዚያው ሄዶ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ሁሉ ክፉ እንደሆነ፣ ሰውየውም በረኃብ እንደሚሞት ተናገረ። ባዕድ ነው፤ አገልጋይ ነው፤ የከሰሳቸውም የጊዜው ኃያላን ናቸው። ንጉሡም ሠላሳ ሰዎች አስከትሎ ላከው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ነቢዩን ለማውጣት ገመድ ይበቃ ነበር። አቤሜሌክ ግን አስቀድሞ ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ፤ በገመድም አውርዶ «ይህን ከገመዱ በታች በብብትህ አድርገው» አለው። በረኃብ የደከመ ሽማግሌ ሲጎተት ገመዱ ሥጋውን እንዳይከረክረው አሰበ ማለት ነው። በሞትና በሕይወት መካከል ተሆኖ ለብብት የሚያስብ ሰው! መጽሐፉ የዚህን ያህል ዝርዝር ጽፎ ያቆየልን በከንቱ አይመስለኝም። ደግሞም «ኢትዮጵያዊ መልኩን ሊለውጥ ይችላልን?» ብሎ የጻፈው ይኸው ኤርምያስ ነው፤ ከጭቃው ያወጣው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌም ከመፍረሷ ቀደም ብሎ እግዚአብሔር ለዚህ ሰው በስሙ ቃል ላከለት፤ በምዕራፍ 39 መጨረሻ ታገኘዋለህ። በሰይፍ እንደማይወድቅ፣ ነፍሱ እንደ ምርኮ እንደምትሆንለት ተነገረው፤ ምክንያቱም ተገልጿል፤ በእግዚአብሔር ስለታመነ ነው። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ተረፈ ባሮክ ደግሞ ታሪኩን ይቀጥላል። አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ኤርምያስ ጸለየለት፤ በለስ ሊያመጣ ተልኮ በዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ቢል 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነበር፤ ወደ ከተማው ሲመለስ ግን አንድም የሚያውቀው ነገር ስላጣ መንገድ የሳተ መሰለው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ለምን ብርቅ ሆነ? አንደኛው ምክንያት አማትህ ናቸው፤ ማለቴ እርሳቸውን ያሳሳታቸው የስም መመሳሰል ብዙ ወላጆችን ያስፈራል። ይህ ግን ትንሹ ምክንያት ነው። ሰው ለልጁ ስም የሚያወጣው ሲሰማው ከኖረው ነው። ሚካኤል በየወሩ በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ጊዮርጊስ በ23 ይታሰባሉ፤ ታቦታቸው ይነግሣል፣ መልክአቸው ይደገማል፤ ስለዚህ ስማቸው በየቤቱ አለ። ኤርምያስ ግንቦት 5 ይታሰባል፤ አቤሜሌክ ግን የሚነሣው ከኤርምያስ ጋር ተያይዞ ነው። በአንጾኪያም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ሜሌጥዮስ የተባለው ጳጳሳቸው በነበረ ጊዜ ሕዝቡ ከፍቅሩ የተነሣ ልጆቹን በእርሱ ስም መጥራት ጀመረ፤ እርሱ በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያው ጉባኤ ሳለ ካረፈ በኋላ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በመታሰቢያው ቀን ሲሰብክ ስሙ በመንገዱም በገበያውም በእርሻውም ሳይቀር እንደሚሰማ ተናግሯል። ስምን የሚያበዛው መወደድና መታሰብ ነው።

ሦስተኛ ነገር አለ። አቤሜሌክ ጃንደረባ ነበር፤ ስሙን የሚያስጠራ ልጅ አልነበረውም። እኛ ደግሞ በአባታችን ስም የምንጠራ ሕዝብ ስለሆንን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ላይ እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን ለሚይዙ ጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ፣ የማይጠፋ ስም እንደሚሰጥ ተጽፏል። ልጅ ያልወለደውን ሰው ስም ለልጅህ ብታወጣ ከዚህ ቃል ጋር የሚጣላ ነገር የለውም፤ እንዲያውም ደስ ያሰኛል።

አንድ ነገር ግን ልገሥጽህ። ከመረጥህባቸው ምክንያቶች አንዱ «በዚህ ስም የሚጠራ ስለሌለ» የሚል ነው። ይህ ምክንያት ለኮፍያ ይሆናል እንጂ ለልጅ አይሆንም። ብርቅነት ኃጢአት አይደለም፤ መጥምቁ ዮሐንስ ሲወለድ ዘመዶቹ «ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ ማንም የለም» ብለው ኤልሳቤጥን ተከራክረዋታል፤ እርሷም አልሰማቻቸውም። እርሷ ግን የጸናችው ስሙ አዲስ ስለሆነ ሳይሆን ከእግዚአብሔር ስለታዘዘ ነው። አፈወርቅም በዘመኑ የነበሩ ወላጆችን በዚህ ጉዳይ ወቅሷል። ብዙ መብራት አብርተው ለእያንዳንዱ ስም ይሰጡና የልጁ ዕድሜ እንዲረዝም ብለው ረጅም ሰዓት የነደደውን መብራት ስም ያወጡ ነበር። የአያት ስም ስለሆነ ብቻ፣ ወይም ለዕድል ብሎ ከመሰየም ይልቅ የጻድቃንን ስም ስጡ፣ ልጆቹም የማንን ስም እንደያዙ ይወቁ ይል ነበር። ስለዚህ ስሙን ስታወጣ ታሪኩንም አብረህ የማስተማር ዕዳ ትገባለህ። ታሪኩን የማያውቅ አቤሜሌክ በትምህርት ቤት «ይህ ምን ዓይነት ስም ነው?» ሲባል የሚመልሰው ያጣል፤ ጓደኞቹም «አቤ» ብለው አሳጥረውት ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል ያማረ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ ግን አይደለም። ስም ሰውን ቢያስገድደው ኖሮ በሐዋርያት ሥራ የምናገኛቸው ሦስት ሐናንያዎች አንድ ዓይነት ሰዎች በሆኑ ነበር። አንዱ መሬቱን ሸጦ መንፈስ ቅዱስን ዋሸና ወድቆ ሞተ፤ ሁለተኛው በደማስቆ ሳውልን ዓይኑን አብርቶ አጠመቀው፤ ሦስተኛው ሊቀ ካህናት ሆኖ ያው ሳውል ጳውሎስ ተብሎ በፊቱ ሲቆም አፉን በጥፊ አስመታው። እንግዲህ በመሳፍንቱ ገዳይ ምክንያት ሌላውን አንከልክለው። ለአማትህ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38ን በርጋታ አንብቡላቸው፤ እልህ ውስጥ ግን አትግቡ። በአያት ኀዘን ላይ የወጣ ስም ለቤቱ ሰላም አይሆንም።

የክርስትና ስምን በተመለከተ፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የሚሰጠው ስም በቁርባን፣ በተክሊል፣ በፍትሐትም የሚጠራበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካህኑ የዕለቱን ቅዱስ ወይም የታቦቱን ስም መነሻ አድርጎ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ብሎ ይሰይመዋል። አቤሜሌክ የመጽሐፍ ሰው ነውና ስሙን ማሰብ ነውር የለውም። ከአርባው ቀን በፊት ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው፤ የመረጣችሁት የኤርምያሱን እንደሆነም አስረዷቸው። እርሳቸው ሌላ ስም ቢሰጡት በጥምቀት ቤት ደጃፍ አትሟገቱ። አቤሜሌክ የዘወትር መጠሪያው ሆኖ ይኖራል፤ በጸሎት ደግሞ በተሰጠው ስም ይታሰባል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ስታወጡ ግን ጸሐፊው በልማድ ሌላ ፊደል እንዳያስገባበት ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።