መልስ፦ የጫካ መንገድ ድልድይ ለመጠገን ሙያ ያስፈልጋል?

ሰላም ወንድሜ። ሲያትል አካባቢ የጫካ ድልድይ ከሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ያለ ሙያ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። በደንብ ይቻላል! ዋሽንግተን ትሬይልስ አሶሲዬሽን የሚባለው ማኅበር ጀማሪዎችን ይቀበላል። መሣሪያና ሄልሜትም ይሰጣል።

ሥራው ግን ጉልበት ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበሰብሰው መሬት የሚነካው እንጨት ነው። ላይ ያለው ሳንቃ ደህና መስሎ ከሥሩ ያለው ግንድ አልቆ ይገኛል። ስለዚህ ሳንቃው ይነሳል፣ እርጥበት የያዘው ጭቃና ቅጠል ይጠረጋል፣ ከዚያ አዲስ ግንድ ይገባል። እዚህ ሴዳር የሚባለው ዛፍ ይመረጣል፤ በተፈጥሮው መበስበስን ይቋቋማል።

እኔ በጣም የምወደው ዊልደርነስ ተብሎ በተከለለው ጫካ ውስጥ መሥራት ነው። እዚያ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በሞተር የሚሠራ መሣሪያን በጥቅሉ ይከለክላል። ግንዱ የሚቆረጠው ሁለት ሰው ከወዲህና ከወዲያ በሚስበው ረጅም የእጅ መጋዝ ነው። ከማታውቀው ሰው ጋር ትጀምራለህ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛሞች ትሆናላችሁ።

ጠንካራ ቦት ጫማ አድርግ። የዝናብ ልብስ፣ ምሳና በቂ ውሃ አትርሳ። ትልልቆቹ ድልድዮች መሐንዲስ ይፈልጋሉ፤ አንተ በትንንሾቹ ጀምር።