ተሳቢ መንዳት በኮምፒውተር ጨዋታ ይለመዳል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ላይ አስተምራለሁ። ያለን ተሳቢ አንድ ብቻ ስለሆነ ሠልጣኙ ተራ ሲጠብቅ ይውላል። «ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2» የተባለውን ጨዋታ ላፕቶፕ ላይ ጭነን ብናለማምዳቸው ምን ያህል ይጠቅማል? ለዓባይ በረሃ ቁልቁለትስ ያዘጋጃቸዋል?

መልስ፦ ተሳቢን ወደ ኋላ ማስገባት ለማስተማር በጣም ይጠቅማል። ሠልጣኙ ነዳጅ ሳያቃጥል፣ ግንብ ሳይገጭ የፈለገውን ያህል ይሳሳታል።

በኪቦርድ ግን አያስጀምሯቸው። የኪቦርድ ቁልፍ ወይ ተጭኗል ወይ ተለቋል እንጂ መሀል የለውም፤ እግርም ፍሬንን በመጠኑ መርገጥ አይማርም። 900 ዲግሪ የሚዞር፣ ፍሪሲዮንን ጨምሮ ሦስት ፔዳል ያለው መሪ ይግዙ። የማርሽ ዘንጉ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ይህ መሪ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ዙር ተኩል ብቻ ይሄዳል፤ የከባድ መኪና መሪ ግን አራት ዙርና ከዚያ በላይ ነው። በጨዋታው የለመደ ልጅ እውነተኛው ላይ ሲወጣ መሪ አሳንሶ ስለሚሰጥ አስቀድመው ይንገሩት።

ማርሹን ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል ይቀይሩ። 2 ቁጥር ሲጫን ካሜራው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ይህን ይከልክሉ። በ1 ቁጥር ጋቢና ውስጥ ሆኖ በስፖኪዮ ብቻ ይሥራ። መሪውን ከታች በኩል ይያዝ፤ የተሳቢው ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድለት ከፈለገ እጁን ወደ ግራ ይውሰድ። ተሳቢው መታጠፍ እንደጀመረ መሪው መመለስ አለበት። አብዛኛው ሠልጣኝ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ዘግይቶ ይመልስና ጋቢናውና ተሳቢው ይታጠፉበታል። ያን ጊዜ በመሪ መታገል ያባብሰዋል። ወደ ፊት ወጥቶ፣ ቀጥ አድርጎ እንደገና ይጀምር። በጨዋታው ጭነቱን ሲያደርሱ «ማቆሙን ዝለል» የሚል ምርጫ ይመጣል፤ እሱን አይንኩት።

ለዓባይ በረሃ ግን አያዘጋጅም። የጨዋታው ካርታ 19 ጊዜ ያህል የተጨመቀ ስለሆነ ከደጀን ወደ ታች እንዳለው ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርድ መንገድ አያገኙበትም። ወንበሩም ጭነቱን አይነግርም፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታም የለም። በእውነተኛው መኪና ፍሬን ሲግል ታምቡሩ (ሸራው የሚጫነው ክብ ብረት) ይሰፋል፣ ሸራው የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ፔዳል ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ማርሹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀነስ፤ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ሲያስፈልግ ፍጥነቱ አስተማማኝ ከሚሉት ፍጥነት በታች በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀንስ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው፤ እግርን ጭኖ መውረድ አይደለም።

በጨዋታው ያተረፉትን የተሳቢ ሰዓት ለዚህ ያውሉት፤ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ተጭኖ፣ ሁልጊዜም አሠልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ።