ጫት ከሚያስሩ ሰዎች የተወሰደ ጠጉር ከምርመራ በፊት እንዴት ይታጠብ?

እህቴ፣ ባሕር ዳር ላይ ጫት እያሰሩ ከሚሸጡ ሰዎች ለመመረቂያ ጥናትሽ የሰበሰብሽውን ጠጉር በሜታኖል ሦስት ጊዜ ማጠብ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። አይበቃም፤ ጭራሽ በሜታኖል አትጠቢው። የእጥበቱ ዓላማ ከውጭ ጠጉሩ ላይ ያረፈውን የጫት ብናኝ፣ በመቃም በደም በኩል ጠጉሩ ውስጥ ከገባው መለየት ነው። ሜታኖል ጠጉሩን አሳብጦ የውስጡንም ይዞ ይወጣል፤ ያኔ የታጠበው ከላይ የተቀባው ይሁን ከደም የገባው መለየት አይቻልም። ሜታኖልን ኋላ ከታጠበው ጠጉር ውስጥ ያለውን ለማውጣት አስቀምጪው።

የጫት ነገር ከሌላው ይከብዳል። በኮኬይን ቢሆን ሰውነት የሚሠራቸው ተረፈ ውሁዶች ይረዱሽ ነበር። የጫት ዋናው አነቃቂ ውሁድ ካቲኖንም ሰውነት ውስጥ በአብዛኛው ኖርኤፌድሪን ወደሚባል ውሁድ ይለወጣል፤ ችግሩ ኖርኤፌድሪንም፣ ካቲን የተባለው ሌላው የጫት ውሁድም ቅጠሉ ላይ ራሱ መኖራቸው ነው። የገረባ ብናኝ ያረፈበት ጠጉር ሦስቱንም ሊያሳይ ስለሚችል ሸክሙ ሁሉ እጥበቱ ላይ ይወድቃል።

ጠጉሩን ሳትቆራርጪ፣ ሳትፈጪ እጠቢ። ከተፈጨ በኋላ የላዩና የውስጡ ይደባለቃል። ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም መዝኚና በ3 ሚሊሊትር ዳይክሎሮሜቴን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ለ2 ደቂቃ አናውጪ። ይህ ፈሳሽ ጠጉሩን አያሳብጥም፣ ቅባት ግን ያነሳል። ቅቤ የተቀባ ወይም በዘይት የተሠራ ሹሩባ ከሆነ ሦስተኛ ዙር ጨምሪ፤ ቅባቱ ካልተነሳ ቀጥሎ የሚመጣው ውኃ ጠጉሩን አይነካውም። ዳይክሎሮሜቴን በ40 ዲግሪ ይፈላል፤ በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ጠርሙሱ ተከፍቶ ከቆየ ይተናል፣ ትነቱም ጎጂ ነው። ጭስ መምጠጫው ሥር ብቻ ሥሪ።

ጠጉሩ ሲደርቅ ፒኤች (የአሲድነት መጠኑ) 6 በሆነ ፎስፌት በፈር፣ ማለትም አሲድነቱን ሳይለውጥ በሚጠብቅ የውኃ ውህድ፣ በ37 ዲግሪ እየናወጠ ሦስት ጊዜ ለ30 ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ለ60 ደቂቃ ይታጠብ። ይህ ክፍል የግድ ነው፤ ብናኙ ከላብ ጋር ተሟሙቶ ጠጉሩ ውስጥ ከዘለቀ ዳይክሎሮሜቴኑ አይደርስበትም። ማጠቢያዎቹን አትድፊ፣ በተለይ የመጨረሻውን። በእሱ ውስጥ የተገኘውን በጠጉሩ ሚሊግራም አካፍይና በ5 አባዝተሽ ከጠጉሩ ውጤት ቀንሺ። ለምሳሌ ጠጉሩ በሚሊግራም 2 ናኖግራም፣ የመጨረሻው ማጠቢያ ከተካፈለ በኋላ 0.1 ቢሰጥ፣ የምትይዢው 1.5 ነው። ቁጥሩ ከዙር ዙር ካልወረደ እጥበቱ ገና አላለቀም፣ ወይም የውስጡን መሳብ ጀምሯል።

ለማውጣት አሲድ የተጨመረበት ሜታኖል ተጠቀሚ። ጠጉርን በሞቀ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማሟሟት ካቲንን ባይጎዳም ካቲኖንን ያጠፋዋል፤ በዚህ ምክንያት «ካቲኖን የለም» ብለሽ በስህተት ልትጽፊ ትችያለሽ።

ከሁሉ በላይ የማሳስብሽ መቆጣጠሪያውን ነው። ጫት ከማይቅምም ከማይነካም ሰው ጠጉር ውሰጂ፣ የደረቀ የጫት ዱቄት እሺበት፣ ጨው ባለው ውኃ አርጥበሽ አሳድሪውና በዚሁ እጥበት አሳልፊው። ይህ ጠጉር ከቅነሳው በኋላ አሁንም ካቲን ካሳየ፣ የሻጮቹን ውጤት ይዘሽ ማንንም «ቃሚ» ልትዪ አትችይም። ስትቆርጪም ጫት ቤት ውስጥ አይሁን፤ ጓንትና መቀሱ በየሰዉ ይለወጥ፣ ናሙናው በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ሥሩ ምልክት ይደረግበት። በውጤት ሠንጠረዡ ላይ የመጨረሻውን ማጠቢያ ቁጥር ከጠጉሩ ቁጥር ጎን አስፍሪ፤ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።