ቲማቲምሽ ኮኮፒት ላይ ቢጫ ከሆነ ማዳበሪያ ሳትጨምሪ ከባልዲው ስር የሚወጣውን ውሃ ለኪ

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ቢሾፍቱ ግቢሽ ውስጥ ባለች ትንሽ ግሪን ሀውስ፣ 20 ሊትር በሚይዙ ባልዲዎች ኮኮፒት (በአፈር ፋንታ የሚያገለግል የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ) ሞልተሽ ቲማቲም ተክለሻል። የምታጠጪው የጉድጓድ ውሃ ነው። የምትመግቢው ዩሪያና ኤንፒኤስ በውሃ በጥብጠሽ ነው። ፍሬ መያዝ ሲጀምር የታችኞቹ ቅጠሎች በጅማቶቻቸው መሀል ቢጫ ሆኑ፣ ጠርዛቸው ነደደ። ላይ ያሉት ለጋዎቹ ተጠቀለሉ። አንዳንዱ ፍሬ ደግሞ ቂጡ ጠቆረ። አንዱ "ናይትሮጅን አንሶት ነው፣ ዩሪያ ጨምሪ" አለሽ። ሌላው "ካልሲየም ርጪበት" አለሽ። ሁለቱንም አደረግሽ፣ ባሰበት። አሁን የምትጠይቂው "ምን ልጨምር?" ነው።

ለዛሬ ምንም።

እኔ አበባ እርሻ ላይ ኮኮፒት ውስጥ ጽጌረዳ ሳሳድግ ኖሬ ነው ወደ ቲማቲምና ቃሪያ የመጣሁት። እዚያ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ማንም ወደ ማዳበሪያ መጋዘን አይሮጥም። መጀመሪያ የሚገባው ውሃ ይለካል፣ ቀጥሎ የሚወጣው ይለካል። ቅጠሉ ተክሉ ምን እንዳጣ ይነግርሻል። ለምን እንዳጣ ግን አይነግርሽም። ካልሲየም ባልዲው ውስጥ ሞልቶ ተክሉ ላያገኘው ይችላል፤ ጨው ስለበዛ፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት ልክ) ከመስመር ስለወጣ፣ ስሩ ስለታፈነ ወይም ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ስለሚጠፋ።

የኮኮፒትን ጠባይ ካላወቅን ደግሞ ሁሉም ግምት ነው። ኮኮፒት ሲመጣ ፖታሲየምና ሶዲየም ተሸክሞ ይመጣል። ካልሲየምና ማግኒዥየም ስትሰጪው እነዚያን ይለቅና እነዚህን ለራሱ ይይዛል። እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ መጀመሪያ የራሱን ዕጣ ያነሳል። ተክሉ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። በደንብ ሳይታጠብና በካልሲየም ሳይዘፈዘፍ የተተከለበት ኮኮፒት ገና ከጅምሩ ካልሲየም የሚሻማ ነው።

ያንቺ ጉዳይ ላይ ሌላም አለ፤ አመጋገቡ። ኤንፒኤስ ማለት ከመቶ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ነው። ለጤፍና ለስንዴ ማሳ የታሰበ ነው፤ አፈር ውስጥ ሌላው ሌላው ንጥረ ነገር አለ ተብሎ። ኮኮፒት ውስጥ የለም። ዩሪያም ናይትሮጅን ብቻ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ቅጠል ላይ ከረጨሽው በቀር ካልሲየም አልሰጠሽም፣ ማግኒዥየም አልሰጠሽም፣ ፖታሲየም አልሰጠሽም። ፍሬ የያዘ ቲማቲም ደግሞ ፖታሲየም የሚበላ ፍጥረት ነው። በዚያ ላይ የኤንፒኤስ ናይትሮጅን አሞኒየም ነው፤ ዩሪያም መጀመሪያ የሚለወጠው ወደ አሞኒየም ነው። አሞኒየም ሲበዛ ካልሲየም ወደ ስር እንዳይገባ ይጋፋል። ስለዚህ ዩሪያ በጨመርሽ ቁጥር የባሰበት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ልኬቱ። ጠዋት እንደወትሮው አጠጪ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቂ። ከዚያ ባልዲው ስር ንጹህ ሳህን አድርጊና ከላይ ትንሽ ንጹህ ውሃ ቀስ ብለሽ አፍስሺ፤ ከስር ግማሽ የቡና ስኒ የሚሆን ሲወጣ ይበቃል። ያን ውሃ ኢሲውን (ውሃው ውስጥ ምን ያህል ጨውና ማዳበሪያ እንደሟሟ የሚያሳየውን ቁጥር) እና ፒኤቹን ለኪ። የምታጠጪውንም ለኪ። ማዳበሪያ ሳይገባበት የጉድጓዱን ውሃ ብቻውንም ለኪ። ሦስት ከሚሆኑ ባልዲዎች ውሰጂ፤ አንዱ የታመመ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ደህና ቢሆን ጥሩ ነው።

መለኪያሽ "ቲዲኤስ 1400 ይላል" ብለሽም ነበር፤ ቲዲኤስ ከኢሲ ተሰልቶ የሚወጣ የሟሟ ነገር መጠን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዳንዱ መለኪያ ኢሲን በ500 ያባዛል፣ አንዳንዱ በ700። በመጀመሪያው 1400 ማለት ኢሲ 2.8 ነው፤ በሁለተኛው 2.0። ለቲማቲም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። መለኪያሽ ኢሲ የሚል ካለው ወደዚያ ቀይሪው። ያቺን ርካሽ ቢጫ የፒኤች ብዕር ከሆነ የያዝሽው ደግሞ በ4 እና በ7 ማስተካከያ ፈሳሽ ሳትፈትሺ አትመኛት። ጫፏ ደርቆ ከከረመ የፈለገችውን ነው የምታወራው።

ቁጥሩን እንዲህ አንብቢው። የሚወጣው ኢሲ ከሚገባው በ0.5 ወይም በ1 ቢበልጥ ያለ ነው። 2 ገብቶ 4 ወይም 5 ከወጣ ግን ጨው ተከማችቷል፤ የቅጠሉ ጠርዝ የነደደው በዚህ ሊሆን ይችላል። የሚወጣው ከሚገባው ካነሰ ተክሉ ርቦታል። ፒኤች ኮኮፒት ላይ ከ5.5 እስከ 6.3 ቢሆን ደስ ይለኛል። ከ7 በላይ ከወጣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ እያሉ እንደሌሉ ይሆናሉ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ፣ ፒኤቹን ዛሬ ብታወርጂው ነገ ተመልሶ ይወጣል። ሎሚ የሚጨምቁበት አሉ፤ ለአንድ ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ባዶ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ይሻላል። ጓንት አድርጊ፣ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳታፈሺ።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ቅጠሉ ይታይ። ዋናው ጥያቄ "ከታች ነው ወይስ ከላይ የጀመረው?" ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ካልሲየም፣ ብረትና ቦሮን አይንቀሳቀሱም፤ ምልክታቸው ለጋው ላይ ነው። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ የሆነ የታች ቅጠል የማግኒዥየም ነገር ነው። ያው ምልክት ላይ ከታየ ብረት ነው፤ ያኔም ብረት ከመግዛትሽ በፊት ፒኤቹን እዪ። መላው ቅጠል ወጥ በሆነ መልክ ከገረጣ ናይትሮጅን ነው። ያንቺው ግን በጅማቶቹ መሀል ነው ያልሽው፤ ስለዚህ ዩሪያ ጨምሪ ያለሽ ሰው ቅጠሉን በደንብ አላየውም።

የፍሬው ቂጥ መጥቆር የካልሲየም ጉዳይ ነው፤ መፍትሔው ግን መርጨት አይደለም። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃው ጋር ነው፤ ውሃው ደግሞ በብዛት የሚሄደው ብዙ ወደሚያተነው ቅጠል ነው። ፍሬው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቅጠል ላይ የረጨሽው ወደ ፍሬው አይወርድም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ደርቆ ሌላ ቀን የሚጥለቀለቅ ባልዲ ላይ ካልሲየም ሞልቶም ቢሆን ይህ ችግር ይመጣል። የጠቆሩትን ልቀሚያቸው፣ አይድኑም።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን ቅጠሉን ገልብጪው። ነጭ ወረቀት ከስሩ ያዢና ቅጠሉን በጣትሽ ጠብ ጠብ አድርጊው። ወረቀቱ ላይ የወደቀው አቧራ መንቀሳቀስ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው። ጣትሽን ብትጎትቺበት ቀላ ያለ መስመር ይተዋል። ሞቃትና ደረቅ ግሪን ሀውስ ውስጥ የእሱን ነጠብጣብ ቢጫ "ማግኒዥየም ነው" ብለው ኤፕሰም ሶልት (ማግኒዥየም ሰልፌት) ሲረጩ የሚከርሙ ሰዎች አውቃለሁ። የላዩ ቅጠል መጠቅለልም እንደዚሁ ነው። ለጋው ትንንሽ ሆኖ ወደ ላይ ከታጠፈ፣ ጠርዙ ቢጫ ከሆነ፣ ተክሉም ማደግ ካቆመ ነጭ ዝንብ የሚያመጣው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። እሱ ከሆነ ማዳበሪያ አያድነውም፤ ነቅለሽ ከግቢ አውጪው።

ተባይም ቫይረስም ካልሆነ፣ የሚወጣው ኢሲም ከፍ ያለ ከሆነ እጠቢው። በባዶ ውሃ ግን አይደለም። ባዶ ውሃ ጨውን ቢያወጣም ኮኮፒቱ ለያዘው ሶዲየም የሚተካ ካልሲየም አይሰጥም። በ10 ሊትር ውሃ 6 ግራም ካልሲየም ናይትሬት በጥብጪ። ለአንድ ባልዲ 30 ሊትር ያህል በጠዋት ቀስ እያልሽ አሳልፊበት፣ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው ጋር እስኪቀራረብ። መጀመሪያ እንደ ቀጭን ሻይ ያለ ውሃ ይወጣል፤ አትደንግጪ።

ከዚያ ምግቡን ቀይሪ። ዩሪያውንና ኤንፒኤሱን ለጓሮው በቆሎ ስጪው። ለ10 ሊትር ውሃ ናይትሮጅኑ አነስ፣ ፖታሲየሙ ከፍ ያለ፣ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ያሉበት ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ 6 ግራም፤ ማግኒዥየም ሰልፌት 3 ግራም፤ ካልሲየም ናይትሬት 6 ግራም። ካልሲየሙ መጨረሻ ላይ ሌሎቹ በደንብ ከሟሙ በኋላ ይግባ። በጥቂት ውሃ አንድ ላይ ከበጠበጥሻቸው ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ያ የተከፈለበት ካልሲየም ታች ቀረ ማለት ነው። ተክሉ ሲጠነክርና ፍሬው ሲበዛ ኢሲውን ቀስ በቀስ ወደ 2.5 ከፍ ታደርጊዋለሽ። ሁሉንም በአንድ ቀን አይደለም።

ውሃ ደግሞ በቀን አንዴ በብዛት ከማፍሰስ ትንሽ ትንሽ ደጋግመሽ ስጪ። ከምትሰጪው አምስተኛው ያህል ከስር ይውጣ። ኮኮፒት ላዩ ደርቆ ውስጡ ጨቅይቶ ይገኛል፤ በዓይን አትፍረጂ፣ ባልዲውን ብድግ አድርጊና በክብደቱ እወቂ። ባልዲው ከስር ቀዳዳ ከሌለው እስካሁን ያወራነው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ዛሬውኑ ብሺው።

ቢጫ የሆኑት አሮጌ ቅጠሎች ተመልሰው አረንጓዴ ይሆናሉ ብለሽ አትጠብቂ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ የምታዪው አዲስ የሚወጣውን ነው። እሱ ንጹህ ከሆነ መንገዱን ይዘሻል።

የሚቀጥለውን ኮኮፒት ስትገዢ ከመትከልሽ በፊት በንጹህ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢው፤ ከዚያ በሊትር 1.5 ግራም ገደማ ካልሲየም ናይትሬት በገባበት ውሃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው፣ ጠዋት አጥልለሽ እንደገና እጠቢው። "የታጠበ ነው" ብሎ የሸጠልሽን ሰው አትስሚው፤ ያጠለልሽውን ውሃ ኢሲውን ለኪና እራስሽ እዪ።

እስከዚያ የጉድጓዱን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ኢሲና ፒኤች ላኪልኝ። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሺው፤ አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ፣ አንድ ደግሞ የቅጠሉን ጀርባ።