መልስ፦ ተሳቢ መኪና ተሳቢን ሲቀድም ለምን አያልቅም?

ወንድሜ "ከሐሙሲት ወደ ወረታ ስነዳ ሁለት ተሳቢ ጎን ለጎን ገጥመው መንገድ ዘጉብኝ፣ ሆን ብለው ነው ወይ" ላልከው፣ አብዛኛው ተንኮል አይደለም ሒሳቡ ነው። አንዱ በ60 ሌላው በ65 ሲሄድ ልዩነቱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ የሁለቱን ርዝመትና ክፍተቱን ደምረህ 70 ሜትር ብትለው ለመጨረስ 50 ሴኮንድ ይፈጃል፣ እስከዛ ቀዳሚው 900 ሜትር ሄዷል በለው። ጭነት ይዞ አንዴ ፍሬን ከረገጠ ደግሞ ፍጥነቱን እስኪመልስ ማርሽ ሲቀያይር ነው የሚውለው፣ ለዛ ነው ሾፌሩ እግሩን ማንሳት የሚጠላው።

አዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ባንድ አቅጣጫ 3 ረድፍ ስላለ ተናደህም ቢሆን ታልፋለህ፣ የኛ ግን አንድ መሄጃ አንድ መምጫ። እኔ ራሴ ፎገራ ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ስላለ ተታልዬ ከተሳቢ ቂጥ ተለጥፌ ቆይቼ ስወጣ ፊት ለፊት ባጃጅ! ከሚርገበገበው ሸራ ሌላ ምንም አይታየኝም ነበር እኮ፣ ተመልሼ ስገባ መሪው በላብ ያዳልጠኝ ነበር። አሁን ርቄ ነው የምከተለው፣ የተሳቢው ስፖኪዮ ካልታየህ ሾፌሩም አያይህም። ግራ ፍሬቻ ካበራ ደሞ አትውጣ፣ ቆይ ማለቱም ሊታጠፍም ሊሆን ይችላል።