ዲስኩ አልከፈት ሲል፦ ከአፕግሬድ በኋላ የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ውስጥ አንድ ቃል አለ፦ «ጠፋ»። ሊኑክሴን አፕግሬድ አደረግኩ፣ ዲስኬ ጠፋ። ከጠየቃችሁኝ መካከል ግን በአፕግሬዱ ብቻ ዳታው የጠፋበት ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ፋይሉ እዚያው አለ፤ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍል) ማውንት አልተደረገም፣ ማለትም ፎልደር ላይ አልተገጠመም። ዳታ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው፤ ደንግጠን ፎርማት ስንጫን። ስለዚህ መጀመሪያ እንይ፣ ቀጥሎ ኮፒ እናድርግ፣ መጠገኑ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 አሳደግኩት። ሪስታርት ሲያደርግ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ብሎ ቆመ። ሁለት ሃርድ ዲስክ አለኝ፤ ሁለተኛውን ከዓመት በፊት ራሴ ነኝ የጨመርኩት። አፕግሬዱ አበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ፓርቲሽን የት ፎልደር ላይ እንደሚገጠም የሚያነበው ከዚያ ነው። እዚያ የተጻፈ አንድ ዲስክ ካልተገኘ ሲስተምዲ፣ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ 90 ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ መነሳቱን ትቶ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል፤ ኮማንድ ብቻ የሚቀበል የጥገና ሁኔታ ነው።

ሁለተኛውን ዲስክ ስትጨምር «ኤስዲቢ1» ብለህ ጽፈህ ከሆነ ችግሩን አገኘነው። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ቋሚ አይደሉም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዲስኮቹን ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው የሚሰጣቸው። አዲስ ከርነል ሲመጣ ወይም ፍላሽ እንደተሰካ ሲነሳ ሊቀያየሩ ይችላሉ። የማይለወጠው ዩዩአይዲ ነው፤ ፓርቲሽኑ ፎርማት ሲደረግ የሚሰጠው ረጅም መለያ።

ኢመርጀንሲ ሞዱ ላይ ኢንተር ተጫን። ብልክአይዲ የሚለውን ኮማንድ ጻፍ፤ የሁሉንም ፓርቲሽን ዩዩአይዲ ያወጣልሃል። ኤፍኤስታብን በናኖ (በጽሑፍ ማረሚያው) ክፈትና «ኤስዲቢ1» ያልክበትን በዩዩአይዲው ተካ። ሴቭ አላደርግም ካለህ ሩት ፓርቲሽኑ (ሊኑክሱ ራሱ ያለበት) ለንባብ ብቻ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለመጻፍ እንዲከፈት ሪማውንት አድርገው። ያን ሁሉ ፊደልና ቁጥር በእጅ መጻፍ ካስቸገረህ ለጊዜው መስመሩ መጀመሪያ ላይ የ# ምልክት አድርግና ሪስታርት አድርግ። ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ከዚያ ተረጋግተህ ኮፒ ፔስት ታደርጋለህ። ስትጨርስ ፋይንድማውንትን ከቬሪፋይ ጋር አስኪደው፤ ስህተት ያለበት መስመር ካለ ይነግርሃል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አራተኛው ዓምድ ላይ «ኖፌይል» ብትጽፍ ዲስኩ ባይኖርም ኮምፒውተሩ ይነሳል። ለተጨማሪ ዲስክ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ አለው። ዲስኩ ሳይገጠም ከቀረ ፎልደሩ ባዶውን ይቀመጣል። ማታ የሚሠራው ባክአፕ እዚያ ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም ዋናው ዲስክህ ላይ ይጽፋል። ሳታውቀው ዋናው ዲስክ ጢም ይላል። ዲስኩ ባልተገጠመበት ሰዓት ባዶውን ፎልደር «ቻትር ፕላስ አይ» ብለህ ቆልፈው። ማንም እዚያ መጻፍ አይችልም፤ ዲስኩ ሲገጠም ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። እኔ በሁሉም ማሽኖቼ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሠርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ከዊንዶውስ ጋር በጋራ የምጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ ኤክስተርናል ከአፕግሬዱ በኋላ «ባድ ሱፐርብሎክ» እያለ አልከፈት አለ። ፎርማት አድርጊው አሉኝ። የደንበኞቼ ሥራ በሙሉ እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ እባክሽ ፎርማት እንዳታደርጊው። መልእክቱ ያስፈራል፤ ግን ሊኑክስ ምክንያቱን ሳይለይ የሚያወጣው ጥቅል መልእክት ነው። እውነተኛውን ምክንያት ከርነሉ ለብቻው ይመዘግበዋል። ተርሚናል ላይ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ብለሽ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቢ። «ቮልዩም ኢዝ ደርቲ» የሚል ካገኘሽ እፎይ በይ።

ኤንቲኤፍኤስ የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ነው፤ ዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት ዘዴ። ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ በአግባቡ ሳይዘጋ ሲቀር ይህ «ደርቲ» የሚል ምልክት ይቀርበታል። ኢጀክት ሳይደረግ ከተነቀለ ወይም መብራት ከሄደ ይከሰታል። የዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕም ጣጣ አለው፤ ሸት ዳውን ስትይው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከርነል 5.15 ላይ ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባል ድራይቨር ገባ። እሱ ይህን ምልክት ካየ ዲስኩን ለመጻፍ አይከፍትም። ከአፕግሬዱ በኋላ ድራይቨሩ ከተቀየረ ትናንት የተከፈተው ዲስክ ዛሬ እምቢ ይላል።

መጀመሪያ «አርኦ» በሚለው ኦፕሽን ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጊው። ቪዲዮዎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጊ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ሰክተሽ ቼክዲስክን ከኤፍ ጋር አስኪጂ፣ ሲጨርስ ኢጀክት አድርገሽ ንቀይ። ሊኑክስ ላይም ኤንቲኤፍኤስፊክስ አለ፤ በዲ ኦፕሽን ምልክቱን ያነሳዋል። ቼክዲስክን ግን አይተካም። የሰው ሠርግ ሁለት ጊዜ አይቀረጽም፤ እኔ ብሆን ዊንዶውስ ያለው ሰው ፈልጌ እሄዳለሁ።

ጥያቄ፦ አፕግሬዱ መሃል ላይ መብራት ሄደ። አሁን የሆም ፓርቲሽኔ፣ ኤክስት4 ነው፣ አይከፈትም። ጓደኛዬ ኤፍኤስሲኬን አስኪደውና ሁሉንም የስ በለው አለኝ።

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። አንተም ዲሜሴጅን እይ። «አይኦ ኤረር» (የማንበብና የመጻፍ ስህተት) ከደጋገመ የተጎዳው ዲስኩ ራሱ ወይም ኬብሉ ነው። ኤፍኤስሲኬ ፋይል ሲስተም የሚጠግን ኮማንድ ነው፤ እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ እሱን ማስኬድ የቀረውንም ሊያበላሽ ይችላል። ኬብል ቀይረህ ሞክር። ካልሆነ ሙሉውን ዲስክ በዲዲሬስኪው (ከተጎዳ ዲስክ በሚገለብጠው ፕሮግራም) ወደ ሌላ ገልብጥና ጥገናውን ቅጂው ላይ ሥራ።

የአይኦ ኤረር ከሌለ በላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ ሳይጫን በሚነሳበት ፍላሽ) ተነሳ፤ ማውንት የተደረገ ፓርቲሽን ላይ ኤፍኤስሲኬ አይኬድም። መጀመሪያ በኤን ኦፕሽን አስኪደው። ምንም ሳይጽፍ ምን መቀየር እንደሚፈልግ ያሳይሃል። ሱፐርብሎኩን (የፋይል ሲስተሙን ዋና መረጃ የያዘውን ብሎክ) ማንበብ አልቻልኩም ካለ ተስፋ አትቁረጥ፤ ኤክስት4 የሱፐርብሎኩ ቅጂዎች አሉት። ብሎኩ 4 ኪሎባይት ከሆነ አንዱ ቅጂ ብሎክ 32768 ላይ ይገኛል። ቁጥሩን በቢ ኦፕሽን ስጠው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የቆየ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው የራይዘርኤፍኤስ ፓርቲሽን በአዲሱ ሊኑክስ ፈጽሞ አይታወቅም።

መልስ፦ ዲስክዎ ደህና ነው፣ መምህር። ራይዘርኤፍኤስ የቆየ ፋይል ሲስተም ነው፤ ከከርነል 6.13 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በጥር 2025፣ ከሊኑክስ ተወግዷል። ድጋፉ ባለው የቆየ ላይቭ ፍላሽ ይነሱና ፋይሎቹን ኤክስት4 ወደሆነ ዲስክ ይገልብጡ። ዛሬ ነገ ባይሉ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ኤፍኤስታብ ውስጥ ጨምሬ ማውንት ሆነልኝ። ግን በአማርኛ የሰየምኳቸው ፋይሎች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ፣ አይከፈቱምም።

መልስ፦ ስሞቹ አልጠፉም። ፋት32፣ ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት ፋይል ሲስተም፣ ረጅም የፋይል ስም የሚያስቀምጠው በዩኒኮድ ነው፤ ፊደላችንም ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ፍላሹ የተከፈተው ግዕዝን በማያውቅ የፊደል ሠንጠረዥ ስለሆነ ነው። የፍላሹ መስመር አራተኛ ዓምድ ላይ «ዩቲኤፍ8» ጨምሪ፣ አንማውንት አድርገሽ መልሰሽ ክፈቺው። እስከዚያው ሪኔም አታድርጊ፣ ወደ ሌላ ቦታም አታዛውሪ። «የእማዬ ፎቶ» ብለሽ ያስቀመጥሽው በዚያው ስሙ ይጠብቅሻል።