ሳህኑ ለምን ተለየ?

ጥያቄው ከጎንደር የመጣ ነው። ጠያቂዋ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ናት። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ባለቤቴ ሥራውን አክባሪ ነው። አይሳደብም፣ አይሰክርም። ግን አይጾምም። ረቡዕና ዓርብ እንቁላል ጠብሶ ይበላል። እሁድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳስቀድስ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል እንጂ አይገባም። ሰው ሲያየው ስለማፍር አትምጣ አልኩት። የሚበላበትንም ሳህን ለይቼበታለሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እሱን እያየች እንዳትበላሽብኝ ፈራሁ። ክርስትናዬን በኑሮዬ ላሳየው ብዬ ብዙ ታገስኩ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባልሽ ምን እንደሚበላ በደንብ ነግረሽኛል። ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያሳስበው ግን የለም። መሃል ላይ አንዲት መስመር አለች፦ «ልጃችን ሆዴ ውስጥ ከሞተ በኋላ ነው ቤተ ክርስቲያን ማዘውተር የጀመርኩት።» ከዚያ ወዲያው ወደ ጾሙ ጉዳይ ታልፊያለሽ።

የጾምና የፍስክ ዕቃ መለየት በብዙ ቤት ያለ ነው፤ ክፋት የለውም። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ሳህኑ በበዓለ ሃምሳም ታችኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው እንደነበረ ጽፈሻል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት እኮ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ቤተሰቡ ሁሉ ፍስክ ይበላል። ታዲያ ያን ጊዜ ሳህኑ ለምን ተለየ? ያን ጊዜ የተለየው ምግቡ ሳይሆን ሰውዬው ነው።

እንደ እኔ ግምት የእናንተ ኩርፊያ መነሻው ጾም አይደለም። ሁለታችሁ አንድ ልጅ አጥታችሁ ለየብቻ አዘናችሁ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። ሳይወለድ ለሞተ ልጅ ግን ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። ለእናትየው ቢያንስ አጥሚት ይዛ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ የምትገባ ጎረቤት አትጠፋም። አባትየውንስ ማን ጠየቀው? «እሱማ በማግስቱ ሥራ ገባ» ብለሻል። ንዴትሽ ከዚህች ዓረፍተ ነገር የሚጀምር ይመስለኛል። ሐዘኑን ሥራ ውስጥ የሚደብቅ ወንድ ብዙ አይቻለሁ። አንቺ እግዚአብሔር ፊት ሄደሽ አለቀስሽ፤ መልካም አደረግሽ። እሱ ግን ከማን ጋር ያልቅስ? ምናልባት ከእግዚአብሔርም ጋር ተኳርፎ ይሆናል። ምናልባት አልገባም የሚለው ለመግባት ራሱን ብቁ አድርጎ ስላላየ ነው። ከቅጥር ውጭ ቆሞ የሚሳለም ሰው በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። በማለዳው ብርድ ከሥላሴ አጥር ሥር የሚቆም ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ነው። ሌላው ቢቀር አንቺን ፈልጎ ነው። «አትምጣ» ስትይው እዚህ ላይ የተሳሳትሽ ይመስለኛል።

ልጅሽ «የአባዬ ሳህን ለምን ለብቻው ሆነ?» ብላ ጠይቃሽ «ስለማይጾም» ብለሻታል። ከዚህ የምትማረው ጾምን አይመስለኝም። የሚወዱት ሰው ሲያጠፋ ከገበታ እንደሚለይ ነው የምትማረው። አንድ ቀን እሷም ስታጠፋ ወደ አንቺ ከመምጣት መደበቅን ልትመርጥ ትችላለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ሲለያዩ ተስማምተው፣ ለጊዜውም ይሁን ይላል። ትርጓሜውን ለመምህራን ልተወው። እኔ የምጠይቅሽ፣ እናንተ መቼ ተስማማችሁ? ክርስትናሽን በኑሮሽ ልታሳዪው ብለሻል። ማታ ደክሞት ሲገባ ምን ያያል? ቀና ብላ «እንዴት ዋልክ?» የምትለው ሚስት ያያል ወይስ የጸሎት መጽሐፏን ይዛ መኝታ ቤት የምትገባ?

ጾምሽንም ጸሎትሽንም ተዪ አልልሽም፤ ያን የጨለማ ጊዜ ያለፍሽው በእነሱ ነው። ሳህኑን ግን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዪው። ዓርብ ማታ አንቺ ሽሮሽን፣ እሱ ያሻውን ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ሲረጋጋ ደግሞ ስለ ልጃችሁ ጠይቂው፦ «አንተስ ያኔ እንዴት ሆነህ ነበር?» መጀመሪያ ዝም ሊልሽ ይችላል። አትቸኩይ፣ አትውቀሺውም። የንስሐ አባታችሁን ማማከር ጥሩ ነው፤ እሱን እንዲገሥጹልሽ ብቻ አይሁን።

የቆየ ሐዘን ግን በአንድ ደብዳቤ አይፈታም። ሁለታችሁም ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብትነጋገሩ ይሻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው እዚያ ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አልሄድም ካለሽም አታስገድጂው፤ አንቺ ብቻሽን ጀምሪ።